መርዶ ለኤዝዮ ብራንዳሊ

ስልኩ ሲጮኽ ወንዳፍራሽ እጁን እስከ ክርኑ ያረጀ ካምቢዮ ውስጥ ከትቶ ነበር። እሑድ ጠዋት ነው። አትላንታ አጠገብ ኬኔሶ በምትባል ከተማ ያለው ጋራዥ ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም የለም፤ ቡድኑ ሁሉ ከአትላንታ በስተሰሜን ምሥራቅ ወዳለው የእሽቅድምድም ሜዳ ሄዷል። እሱ የተመለሰው ለመጠባበቂያ የምትሆን አንዲት ማርሽ ፍለጋ ነው። ስልኩን ይጩኽና ይተው ብሎ ነበር፤ አልተወም። በመጨረሻ ዘይት የሚንጠባጠብ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ አነሣው።

«ኤዝዮ አለ?» አለች ከወዲያ የሴት ድምፅ፣ በጣሊያንኛ። «እኅቱ ነኝ፤ ኢዳ።»

«የለም ሲኞራ፤ ሜዳው ላይ ነው። እኔ ሜካኒኩ ነኝ።»

ወንዳፍራሽ ጣሊያንኛውን የለቀመው በልጅነቱ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከነበረ የጣሊያን ጋራዥ ነው። ስድብና የመኪና ዕቃ የበዛበት ጣሊያንኛ ነው፤ ግን ያግባባል።

«እማማ ጥሩ አይደለችም» አለች ሴትዮዋ። «ከትናንት ወዲህ ብሶባታል። ስሙን ትጠራለች። መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይደውልልን። እባክህ፣ ከመግባቱ በፊት።» ከዚያ ሳግ ተናነቃት።

«እሺ ሲኞራ» አለ ወንዳፍራሽ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

ስልኩን ዘግቶ የተደረደረ ጎማ ላይ ተቀመጠ። የኤዝዮ እናት ሲኞራ ፒዬራ ሞታለች።

ይህን ከየት አመጣው የሚል ካለ፣ መርዶ ደርሶት የማያውቅ ዕድለኛ ሰው ነው። በእኛ ዘንድ የሰው ሞት በስልክ አይነገርም፤ ለባይተዋር አይነገርም፤ መንገድ ላይ ላለ ሰውማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። «ትንሽ አሟቸዋል» ከተባለ ተቀብረዋል ማለት ነው። «ብሶባቸዋል» ከተባለ ሳልስታቸው ወጥቷል። «ስምህን እየጠሩ ነው» ያሉህ እንደሆነማ ለአርባቸው ጠላ ተጠምቋል። እኅት ልቅሶዋን ውጣ ስልክ የምትደውለው ለበሽታ አይደለም። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ወንዳፍራሽ ግን አንድ ጊዜ ሳያውቀው ቀርቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው ልቡን የሚያቃጥለው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሳለ፣ የሰፈሩ ሰው ከአገር ቤት ገባና «አባትህ ጉልበታቸውን ትንሽ አሟቸዋል» አለው። ወንዳፍራሽ የዋህ፣ ካለችው ላይ ቆርሶ የቁርጥማት ቅባት ገዛና ሰውየው ሲመለስ እንዲያደርስለት ሰጠው። ሰውየው ተቀብሎ ኪሱ ከተተው፤ ቀና ብሎ አላየውም። በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሎች በሩን አንኳኩ። አባትየው ከሞቱ ወራት አልፏቸው ነበር። ለሞተ ሰው ቅባት የገዛ ተብሎ በስደተኛው መንደር ተወራ፤ ሰው እያዘነለትም ቢሆን ሳቀበት። ያን ቀን ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጅል እንደማይሆን ለራሱ ማለ።

ስለዚህ ስልኩን መልሶ አነሣና ጋሽ ገብረሕይወት ቤት ደወለ። ጋሽ ገብረሕይወት ብሪያርክሊፍ መንገድ ላይ ያሉት አበሾች የመሠረቷት እድር ዳኛ ናቸው፤ በሳምንቱ ቀን ሚድታውን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፣ ቅዳሜና እሑድ የሰው ኀዘንና ጠብ ይዳኛሉ። ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሳቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ያ የምሠራለት ጣሊያን፣ ኤዝዮ፣ እናቱ አረፉበት።»

«ነፍስ ይማር። ማን ነገረህ?»

«እኅቱ ደወለች። ብሶባታል፣ ስሙን ትጠራለች አለችኝ።»

«እንግዲያማ አልቋል» አሉ ጋሽ ገብረሕይወት። አንዳች አልተጠራጠሩም። «ወንድም፣ ዘመድ፣ እዚህ አለው?»

«ማንም የለው። እኔ ነኝ ያለሁት።»

«ብቻህን አፍህን እንዳትከፍት። ደግሞ ባለፈው፣ እሑድ ይነዳል አላልከኝም? በዚያ ፍጥነት ላይ ያለ ሰው እናትህ ሞተች ተብሎ ይነገረዋል? ልትገድለው ነው? ይጨርስ፤ እህል ይቅመስ፤ ከዚያ እኔ እነግረዋለሁ፣ አንተ ትተረጉምልኛለህ። የሺእመቤትን ይዤ እመጣለሁ።»

ወንዳፍራሽ ሸክሙ ቀለለለት። ማርሿን በጋዜጣ ጠቅልሎ ፒክአፑን አስነሣ።

ሃይዌዩ ላይ እየነዳ ግን ልቡ አላረፈም፤ ያሰበው ስለ ኤዝዮ ነበር። ኤዝዮ ብራንዳሊ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው። መንዳት የተማረው የእናቱን ዳቦ ፉርጎኔ በሚሏት አሮጌ የዕቃ መኪና ተራራ ለተራራ ሲያመላልስ ነው፤ ዳቦው ሳይበርድ ለማድረስ ሲል ፍሬን የሚባል ነገር ረስቶ አደገ። በሃያ ሁለት ዓመቱ የአገሩን የወጣቶች ሻምፒዮና ወሰደ። ጋዜጣ ጻፈለት፣ ሴቶች ከበቡት፣ አንድ ትልቅ ቡድን አስፈረመው። ሁለት ዓመት ከታላላቆቹ ጋር ተሰለፈ፤ አንዴም ሦስተኛ ወጥቶ ከሽልማቱ መድረክ ጥግ ቆመ። ከዚያ ዝናብ ባለበት አንድ ቀን መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ዛፍ መታ። እግሩ ተጠገነ፤ ስሙ ግን አልተጠገነም። «ጨርሷል» አሉ። በአሽከርካሪ ላይ ይህ ቃል አንዴ ከወጣ ማንም አይመልሰውም። የሌሎችን መኪና ሲሞክር፣ የሀብታም ልጆችን መንዳት ሲያስተምር፣ ሚስቱ ስትሄድበት፣ በስተመጨረሻ አሜሪካ ገባ። አሁን በፈረንጅ ሰማንያ ስድስት ነው፤ ኤዝዮ አርባን አልፏል፤ የሚነዳውም ምንጣፍ ፋብሪካ ያለው ሚስተር ክላይድ የሚባል ሰው ለመዝናኛው የገዛውን መኪና ነው።

ሚስተር ክላይድ ደግሞ መዝናኛው ሰልችቶታል። ክረምቱ ሲገባ ጋራዡን እዘጋለሁ ብሏል፤ ቀልዱን አይደለም። ዛሬ ግን ከኢንዲያናፖሊስ አንድ ረጅም ሰውዬ ይመጣል፤ የትልቅ ቡድን ኃላፊ ነው፤ ለሚመጣው ዓመት አንድ ልምድ ያለው አሽከርካሪ ይፈልጋል። ይህን የነገረው ኤዝዮ ራሱ ነው። «የመጨረሻዬ ናት፣ ወንዶ» አለው፤ ስሙን እንዲህ ነው የሚያሳጥረው። «ከወሰዱኝ አንተም ትሄዳለህ። ያላንተ አልፈርምም።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነገር አለ። ወንዳፍራሽ ዝም ያለው ለልማዱ ነው ወይስ ለእንጀራው? ራሱን ጠየቀ። ዝም ማለት እንደ ልማዱም ትክክል ነው፣ እንደ እንጀራውም ትክክል ነው፤ ሁለቱ እንዲህ ሲገጥሙ ሰው ብዙ አይመረምርም። ብቻ አንድ ሐሳብ ጎኑን ወጋው፦ ሴትዮዋ «ከመግባቱ በፊት» ያለችው ሁለት ጊዜ ነው። ቆይቶ ግን «ከመንዳቱ በፊት ይወቀው ብላ ነው እንጂ ሌላ ምን ትላለች፤ ፈረንጅ መርዶ አያውቅበት» ብሎ ተወው።

ኤዝዮ ድንኳኑ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ የእሳት መከላከያ ቱታውን እስከ ወገቡ ለብሶ ነበር። ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል፤ የተጠገነ እግሩን ዘርግቶ ጉልበቱን ያሻል። ወንዳፍራሽን ሲያይ ፊቱ ፈካ።

«ማርሿን አገኘሃት?»

«አገኘኋት።»

«ጋራዥ ስልክ የደወለ ነበር?» አለ ኤዝዮ፣ ጓንቱን እያጠለቀ። «ሐሙስ ዕለት ኢዳ እማማን ሳል ይዟታል ብላኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።»

ወንዳፍራሽ ጎንበስ ብሎ የማርሿን ጋዜጣ ፈታ። ዘይቱ በጋዜጣው አልፎ ጣቱ ላይ ወጥቷል።

«ማንም አልደወለም» አለ።

«ጥሩ። ካልደወሉ ደህና ናቸው ማለት ነው።»

ወንዳፍራሽ የሰው እናት ሞት ታቅፎ ከልጇ ፊት መቆም እንዲህ ከባድ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ እስከ ዛሬ መርዶ ተቀባይ እንጂ ነጋሪ ሆኖ አያውቅማ። ልንገረው? አለ በልቡ። ሁለት ቃል ናት። ከድንኳኑ ማዶ ግን ረጅሙ ሰውዬ ከሚስተር ክላይድ ጋር ቆሞ ወደ ኤዝዮ እያየ ነበር። ወንዳፍራሽ ሄልሜቱን አንሥቶ አቀበለው።

«እናትህ ትጸልይልህ» አለው፤ ከአፉ አመለጠው።

«እሷ ሁልጊዜ ነው» አለ ኤዝዮ ፈገግ ብሎ፣ ሄልሜቱን አጠለቀና ገባ።

እንዲያ ሲነዳ ማንም አይቶት አያውቅም። ሲነሣ ከኋላ ነበር፤ ቅዳሜ የመነሻ ቦታ ሲመደብ ካምቢዮው አስቸግሯቸው ነበርና ቦታው መጥፎ ነው። ግን ቁልቁል የሚወርደውን ኩርባ ሌሎቹ ፍሬን በሚረግጡበት ቦታ እሱ ሳይረግጥ ይገባዋል፤ ስንቱን አሽከርካሪ በዚያች ኩርባ አለፈው። ሚስተር ክላይድ ሲጋራውን ማጨስ ረስቶ ጣቱን አቃጠለ። ረጅሙ ሰውዬ ከኪሱ ያወጣውን ሰዓት እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ወንዳፍራሽ መኪናው ባለፈ ቁጥር «እናትየው ናት የምትነዳው፣ ነፍሷ ናት» ይል ነበር፤ አምኖበት ነው ያለው።

ጎማ ሊቀየርለት የገባ ጊዜ ወንዳፍራሽ በስተግራ ያለውን የፊት ጎማ ፈትቶ አሰረ። ቀና ሲል ከኤዝዮ ጋር ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ። ላቡ ቅንድቡ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዐይኑ ግን የሃያ ዓመት ልጅ ዐይን ነው። እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቶ አያውቅም። ወንዳፍራሽ ፊቱን አዞረ።

ጋሽ ገብረሕይወትና ባለቤታቸው የደረሱት በሩጫው መካከል ነው። እሳቸው ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ እትዬ የሺእመቤት ጥቁር ቀሚስና የተዘቀዘቀ ነጠላ ለብሰው፣ ቢራ በያዙና ፀሐይ ባቀላቸው ተመልካቾች መካከል ሲያልፉ ሰው መንገድ ይለቅ ነበር። በር ላይ ትኬት ሲጠየቁ ጋሽ ገብረሕይወት በእንግሊዝኛ «ፊውነራል»፣ ቀብር ነው፣ ብለው አለፉ፤ በረኛው ኮፍያውን አወለቀላቸው። እትዬ የሺእመቤት በቢራ ማቀዝቀዣ ሣጥን ንፍሮ ይዘዋል። ሆስፒታል ልብስ ሲያጥቡ አድረው እንቅልፍ ሳያዩ ነው የመጡት።

«አላወቀም?» አሉ ቀስ ብለው።

«አላወቀም፣ እትዬ።»

«አይ ልጄን» አሉ፤ አይተውት ለማያውቁት ሰው ዐይናቸው እንባ ሞላ።

ኤዝዮ ሁለተኛ ወጣ። ከመኪናው ሲወጣ እግሩ አልታዘዘው ብሎ ሁለት ሰው ደገፈው። ረጅሙ ሰውዬ ሰው እየገፋ መጣና እጁን ጨበጠው። «ነገ ደውልልኝ» አለው፤ «ከሌላ ሰው ጋር እንዳትፈርም።» ኤዝዮ ወንዳፍራሽን አንገቱን አንቆ ሳመው፤ ምን እንዳለ እንኳ አልተሰማም። ወንዳፍራሽ ክንዱን ይዞ «ና፣ ትንሽ ተቀመጥ» ብሎ መኪናውን ወደሚጭነው ትልቅ ካሚዮን ውስጥ አስገባው።

እዚያ ጥላ ውስጥ ሁለቱ ሽማግሎች ቆመው ጠበቁት። ኤዝዮ ጨበጣቸው። የወንዳፍራሽ ቤተሰቦች መሰሉት፤ ደስታውን ሊካፈሉ የመጡ። እትዬ የሺእመቤት ከሣጥኑ ንፍሮ በሳሕን አወጡለት። «ብላ» አለው ወንዳፍራሽ፤ «የአገራችን ነው።» ኤዝዮ ርቦት ነበር፤ በእፍኙ እየዘገነ በላ፤ ጥሩ ነው አለ፤ ደግሞም ጨመረ። ስለ ቁልቁለቷ ኩርባ ንፍሮ በሞላው አፉ ያወራል። ሦስቱ ሲበላ ያዩታል እንጂ አንድም አይመልሱለትም። ቀስ በቀስ ማላመጡን ተወ።

«ምንድነው ወንዶ?»

ጋሽ ገብረሕይወት ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄ» አሉ፤ ወንዳፍራሽም ቃል በቃል ተረጎመ፣ «የሰው ልጅ ሁሉ በዚህ ዓለም እንግዳ ነው። ንጉሥም ድኻም አይቀርለትም። አንተ ወንድ ነህ፣ ትልቅ ሰው ነህ። እናትህ ወደማይቀረው ሄደዋል። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ኤዝዮ አልጮኸም። ሳሕኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ስለ እሱ የጮኹት እትዬ የሺእመቤት ናቸው፤ ደረታቸውን እየመቱ የእውነት ልቅሶ አለቀሱ። ምናልባት የራሳቸውንም ሙት አስበው ይሆናል።

«መቼ?» አለ ኤዝዮ።

«ዛሬ ጠዋት ነው የተነገረኝ።»

«ጠዋት አውቀህ ነበር?»

ወንዳፍራሽ ሳሕኑን ከመሬት አነሣ። ኤዝዮ ተነሥቶ እያነከሰ ከካሚዮኑ ወረደ። የትኬት መሸጫው አጠገብ የሕዝብ ስልክ አለ፤ ወደዚያ ሄደ። እነሱም ተከተሉት፤ ኀዘንተኛ ብቻውን አይተውማ። ኦፕሬተሯን ኮሌክት፣ ተቀባዩ የሚከፍልበት ጥሪ፣ ጠየቃት፤ ስታገናኘው ግንባሩን የስልኩ ሣጥን ላይ አስደገፈ።

«ኢዳ። በስንት ሰዓት ነው ያረፈችው?» አለ።

ጀርባው ብቻ ነበር የሚታያቸው። ወንዳፍራሽ ከስልኩ ውስጥ የሴት ጩኸት ሰማ፤ ቃሉ አይለይም። ኤዝዮ ቀስ ብሎ ዞረ።

«አልሞተችም» አለ።

ወንዳፍራሽ ጣሊያንኛው የጠፋበት መሰለው።

«እዚያ መሽቷል፤ እስከ ማታ ድረስ ታወራ ነበር። ኤዝዮ ደወለ ወይ እያለች ስትጠይቅ ነው የዋለችው። አልጋዋን ስልኩ አጠገብ አስጠግተውላታል። አሁን አትናገርም፤ ትተነፍሳለች ብቻ።» ድምፁ ከፍ አላለም። «ምን አለችህ ጠዋት? እንዳለችው ንገረኝ።»

«ብሶባታል አለች። ስሙን ትጠራለች። መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይደውል።»

«ታዲያ?»

«በእኛ አገር...» አለ ወንዳፍራሽ። ሊያስረዳው ፈለገ፤ በእኛ አገር እንዲህ ሲባል፣ እንዲህ የተባለ እንደሆነ... ለሞተ ሰው ቅባት የገዛ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላፈረም። ያኔ የሞተውን በሕይወት አስቀመጠ፤ ዛሬ በሕይወት ያለችውን ቀበራት።

«ምን ይላል? ምን ሆነ?» አሉ ጋሽ ገብረሕይወት ክንዱን ይዘው።

«አልሞቱም፣ ጋሼ።»

እትዬ የሺእመቤት ልቅሷቸውን ውጠው ቀሩ። ነጠላቸውን መልሰው ያቅኑት፣ እንደተዘቀዘቀ ይተዉት፣ ግራ ገብቷቸው ጫፉን ይዘው ቆሙ።

ኤዝዮ እጁን አነሣ፤ ወንዳፍራሽ ሊመታው መሰለውና ይምታኝ ብሎ ቆመ። ዝም በሉ ለማለት ነበር። ኢዳ ስልኩን እናቲቱ ጆሮ ላይ አድርጋለች።

«እማማ» አለ ኤዝዮ። «እኔ ነኝ፣ እማማ። ኢዳ ደውል ብላኝ ነው።»

ወዲያ ማዶ ድምፅ የለም። ኤዝዮ በላብ የራሰ ቱታው ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ የአስፋልት ጥላሸት ፊቱን አጥቁሮ ሄልሜቱ የሸፈነው ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

«የለም፣ ገና አልገባሁም» አለ። «ተቀምጫለሁ። መኪናው እዚህ አጠገቤ ነው፤ ወንዶ ጎማውን እያየልኝ ነው።»

በዚህ ጊዜ የሜዳው ድምፅ ማጉያ ስሙን ጠራ። ሁለተኛ የወጣው ኤዝዮ ብራንዳሊ ወደ መድረኩ እንዲመጣ ለፈፈ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ኤዝዮ የስልኩን አፍ በመዳፉ አፍኖ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ። ጸጥ ሲል መዳፉን አነሣ።

«አይዘንብም፤ ሰማዩ ጥሩ ነው» አለ። «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ አታስቢ።»

ጋሽ ገብረሕይወት ወደ ወንዳፍራሽ ጆሮ ተጠጉ። «ምን እያላት ነው?»

ወንዳፍራሽ ዐይኑን ከኤዝዮ ጀርባ ሳያነሣ መለሰ።

«ሩጫው ገና አልተጀመረም ነው የሚላቸው፣ ጋሼ።»

ድምፅ ማጉያው ስሙን ደግሞ ጠራ። ኤዝዮ አሁንም አፈነውና ጠበቀ። «ጠሩኝ፣ እማማ፤ ልገባ ነው» አለ ቀጥሎ፤ ግን ስልኩን አልዘጋም።